ሳይጠሯት የመጣች ድመት፦ ከበረንዳ እስከ ቤተሰብነት ዝርዝር መመሪያ

ውሻ ይገዛል፣ ይሰጣል፣ ካልሆነም ተለምኖ ይመጣል። ድመት ግን ብዙውን ጊዜ ራሷ ናት የምትመጣው። ክረምት ሲገባ፣ ጎረቤት ቤት ሲለቅ፣ ወይም የድሮ ሰፈር ፈርሶ አይጡም ድመቱም ሲበተን አንድ ጠዋት በረንዳችሁ ላይ ተኮራምታ ታገኟታላችሁ። በነጋታው ትመለሳለች። በሳምንቱ የእናንተን በር ድምፅ ከጎረቤት በር ትለያለች። ትንሽ ሲቆይ ሶፋው ላይ የእናንተን ቦታ ይዛ፣ ምን ፈልጋችሁ እንደመጣችሁ የምትጠይቅ ይመስል ቀና ብላ ታያችኋለች።

ይህ መመሪያ ድመት ፈልጎ ለማያውቅ፣ ድመት ግን ለፈለገችው ሰው ነው። ምሳሌዎቹ የአዲስ አበባና የመሰል ከተሞቻችን ናቸው፤ ውጭ አገር ላላችሁ የሚለየውን በየቦታው አነሳለሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፦ ምርጫው የእሷ ነው፣ ኃላፊነቱ ግን የእናንተ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይይዘዋል። ስትመጣ በግድ ያቅፋታል፣ በገመድ ያስራታል፤ ስትታመም ወይም ኮርኒስ ውስጥ ስትወልድ ግን "ድሮስ የኔ መች ሆነችና!" ይላል።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው፤ ይህቺው የዱር ድመት ዛሬም በእኛ አገር ትገኛለች። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ጎተራውን ተከትሎ መጣ፣ ድመቷ ደግሞ አይጡን ተከትላ መጣች፤ ጠቃሚ መሆኗ ሲታይ የሚያባርራት ጠፋ። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከሰው አጠገብ የተቀበረች፣ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ድመት መገኘቷ በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት ስላልነበራት አንድ ሰው በጀልባ ጭኖ ወስዷታል ማለት ነው። ዛሬ የእናንተን አጥር ዘላ የገባችውም ያንኑ የቆየ መንገድ ነው የያዘችው።

1. መጀመሪያ ዐይታችሁ ተዉአት

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማየት ብቻ ነው። አትንኳት፣ አታባርሯት፣ ልጆችም ዙሪያዋን እንዳይከቧት አድርጉ። ከሩቅ ስትታይ ብዙ ነገር ትናገራለች።

ሰው የለመደች ድመት ዐይን ለዐይን ታያለች፣ ጅራቷን ሽቅብ ቀጥ አድርጋ ትጠጋለች፣ ትጮኻለች። አዋቂ ድመቶች እርስ በርሳቸው "ሚያው" የሚባባሉት እምብዛም ነው፤ ያን ድምፅ በአብዛኛው የሚያሰሙት ለሰው ነው። ስለዚህ በር ላይ ቁጭ ብላ የምትጮኽ ድመት ከዚህ በፊት ስትጮኽ ሰው ሰምቷት ያውቃል። ወይ ጠፍታለች፣ ወይ ተጥላለች፣ ወይ የጎረቤት ናት። ውጭ ተወልዳ ውጭ ያደገችው ደግሞ ዝምተኛ ናት። ሆዷን ወደ መሬት አስጠግታ በግድግዳ ሥር ትሄዳለች፣ ምግብ ብታስቀምጡላትም እናንተ ገብታችሁ በሩ እስኪዘጋ አትቀርብም። ልዩነቱ የሚመጣው ከልጅነት ነው። የድመት ልጅ ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜዋ ነው። ያ ጊዜ ሰው ሳይነካት ካለፈ በኋላ መልመድ አይቻልም ባይባልም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። እንደዚህ ያለችዋ ድመት የግቢያችሁ ቤተሰብ ልትሆን ትችላለች፤ የሶፋችሁ ላትሆን ትችላለች። ያንንም መቀበል ነው።

በፍርሃቷ ብቻ ግን አትፍረዱ። የቤት ድመት ሆና በቅርቡ የተጣለች ከሆነች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከዱር ድመት ባላነሰ ትደነብራለች፤ ጥቂት ቀን ጸጥ ያለ ጥግ ስታገኝ ነው ማንነቷ የሚወጣው።

ቀለሟንም እዩ። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ሦስቱም ያሉባት ቡራቡሬ ከሆነች ሴት ናት ብላችሁ ያዙ፤ ወንድ ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ቀይ ድመት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ሴት ከሆነች ቀጣዩ ጥያቄ "አርግዛለች ወይስ ወልዳለች?" ስለሆነ ነው። ጡቶቿ ካበጡና ዙሪያቸው ያለው ፀጉር ሳስቶ ከታየ አንድ ቦታ የሚጠብቋት ልጆች አሏት። እንዲህ ያለችውን ድመት አዝናችሁ ቤት ዘግታችሁ ብታሳድሯት ልጆቿ ይሞታሉ። አብልታችሁ ልቀቋት፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን በዐይናችሁ ተከተሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ምራቋ የሚዝረከረክ፣ ስትሄድ የምትወላገድ፣ ያገኘችውን ሁሉ የምትነክስ፣ ወይም ሰው የምትፈራ የውጭ ድመት ሆና ድንገት ፍርሃቷ የጠፋ ከሆነች ራቁ፣ ልጆችንም አስገቡ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ድመትም ለሰው ታስተላልፋለች።

2. የማን እንደሆነች አጣሩ

ወፍራም፣ ፀጉሯ የሚያብረቀርቅ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የምትመጣ ድመት ባለቤት አላት ማለት ይቻላል፤ ያውም ከአንድ በላይ። ጎረቤት ሄዳችሁ ስትጠይቁ ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"እትዬ፣ ይቺ ዳልቻ ድመት የእናንተ ናት እንዴ?"

"የኔ? ኧረ እኔ የእናንተ መስላኝ ነው ሳበላት የኖርኩት!"

በአንድ መንደር በሦስት ቤት በሦስት ስም የምትጠራ ድመት ብርቅ አይደለችም። አንዱ ጋ ውሮ፣ አንዱ ጋ ሚሚ ትባላለች፣ ሱቁ ጋ ደግሞ ስም የላትም፤ አይጥ ስለምትይዝ ብቻ ታድራለች። ይህ ሲገኝ ቁም ነገሩ ማን ሐኪም ጋ ይወስዳታል የሚለው ነው፤ ሁሉም ሌላው ይወስዳታል ብሎ ስለሚያስብ ብዙ ጊዜ ማንም አይወስዳትም። ተነጋግራችሁ ወጪውን ተካፈሉ።

ጎረቤት ሁሉ "አላውቃትም" ካለ የወረቀት ማሰሪያ ሞክሩ። የጣት ስፋት ያለው ወረቀት ቁረጡና "ባለቤት አለኝ? ደውሉ" ብላችሁ ስልካችሁን ጻፉበት። ሁለት ጣት ከሥሩ እስኪገባ ድረስ ላላ አድርጋችሁ አንገቷ ላይ አዙሩትና ጫፉን በፕላስተር ያዙት። ወረቀት የሚመረጠው ሽቦ ወይም ቅርንጫፍ ቢይዘው ስለሚቀደድ ነው። በክር፣ በሲባጎ ወይም በላስቲክ አትሰሩት፤ ተንጠልጥላ ትታነቃለች። ባለቤት ካላት በጥቂት ቀን ውስጥ ወይ ስልኩ ይደወላል፣ ወይ ወረቀቱ ተፈትቶ ትመጣለች፣ ወይ ጀርባው ላይ መልስ ተጽፎበት ይመለሳል።

ውጭ አገር ከሆናችሁ ይህ ብቻውን አይበቃም። ከቆዳ ሥር የምትቀመጥ፣ ባለቤቷን ለማግኘት የምትረዳ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል መለያ ቺፕ ሊኖራት ስለሚችል ወደ ቅርብ የእንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ አስነብቡ። በእንግሊዝ ከሰኔ 10 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜዋ 20 ሳምንት የሞላ የቤት ድመት ሁሉ ቺፕ እንዲኖራት ሕግ ያስገድዳል፤ ቺፕ ያላትን ድመት "እኔን መርጣ መጣች" ብሎ ማስቀረት እዚያ ጠብ ያመጣል። የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ድመት ካያችሁ ደግሞ ተጎድታ አይደለም፤ ተይዛ፣ መክና፣ ተመልሳ የተለቀቀች የመንገድ ድመት መሆኗን የሚያሳይ ምልክት ነው። በእስራኤልም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም፣ በአሜሪካም ይኸው ምልክት ይሠራበታል።

3. ምግብ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ በእኛ ቤት ድመት በብዛት የምትጎዳው በክፋት ሳይሆን በወጥ ነውና።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ናቸው። ቀይ የደም ሕዋሳቷን ያፈርሳሉ፤ መቀቀል፣ ማቁላላት፣ ማድረቅ መርዝነታቸውን አያጠፋውም። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽሮውም፣ በርበሬውም ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ። አንድ ቀን ትሪ ብትልስ ትሞታለች ማለት አይደለም፤ ዕለት ዕለት በወጥ የራሰ እንጀራ የምትበላ ድመት ግን ቀስ በቀስ ደሟ ያልቃል። ድዷ ሮዝ መምሰሉ ቀርቶ ወረቀት ይመስላል፣ ትደክማለች፣ ሰው "አርጅታ ነው" ይላል። ስለዚህ ልታካፍሏት ከፈለጋችሁ ሥጋው ቅመምና ሽንኩርት ሳይገባበት፣ ጨውም ሳይነካው የድርሻዋን ቆርሳችሁ ለብቻ ቀቅሉላት።

ወተት ሌላው ነው። በሰሐን ወተት መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ጡት የጣለች ድመት ግን በአብዛኛው የወተትን ስኳር መፍጨት አትችልም፣ ሆዷ ይታወካል። ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። የውኃ ዕቃዋን ከምግቡ ራቅ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት አብልጣ ትጠጣለች።

ድመት ሥጋ በል ናት ሲባል ሥጋ ትወዳለች ማለት ብቻ አይደለም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር የግድ ከእንስሳት ምግብ ማግኘት አለባት፤ ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም። ካጣችው ዐይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይሰፋል። የታውሪን እጦት ልብን እንደሚያሰፋ ሐኪሞች የደረሱበት በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራ የድመት ምግብ ሁሉ ታውሪን የሚጨመርበት ለዚህ ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን አዋቂ ድመት በቀን ከ50 እስከ 65 ግራም ደረቅ የድመት ምግብ ይበቃታል፤ ወደ ሁለት የቡና ሲኒ ገደማ ነው። ዋጋው አቅም የሚፈትን ከሆነ ግማሹን በደረቁ ምግብ፣ ግማሹን በተቀቀለ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል ሸፍኑት። ከሥጋ ቤት የሚገኘው ርካሹ ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን አያኖርም። ጉበት ደግሞ ትወደዋለች፤ ነገር ግን በሳምንት ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ በትንሹ እንኳ አይሰጥም፤ የበዛ ቫይታሚን ኤ አጥንቷን ያበላሻል። የበሰለ የዶሮ አጥንት በፍጹም አትስጧት፤ ሲሰበር ይሾልና አንጀት ይወጋል። ለዓሣ እሾህም እንዲሁ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም ከማይገባበት ቤት የምትኖር ድመት ምን ትበላለች? "ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ" እንዲሉ እሷ አትጾምም፣ መጾምም አትችልም። ሽሮና ምስር ብቻ እየበላች ሁለት ወር የከረመች ድመት ፋሲካ ስትደርስ አከርካሪዋ በእጅ ይቆጠራል፤ ያልከሳች ካለች ጎረቤት ወይም አይጥ አብልቷታል። ከዘወረደ በፊት ደረቅ ምግብ ገዝታችሁ አስቀምጡ። እሱ ካልተገኘ ሥጋ ቤቶች ሳይዘጉ ሥጋውን ቀቅላችሁ በትንንሽ ፌስታል ከፋፍላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩ። ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ለእሷ ብቻ የሚሆን ድስትና ሰሐን መድቡ። በዚህ የሚያኮርፍ የቤት ሰው ካለ "ለእንስሳ ጾም አልታዘዘባትም" ማለት ይበቃል፤ እናቶቻችን ይህን ያውቁታል።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ አብሏት። የተረፈውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንሱት፤ አለበለዚያ በማግሥቱ የምታበሉት ድመት ሳይሆን ጉንዳን፣ አይጥና የመንደሩን ወንድ ድመቶች ነው።

4. መጠጋቱን ለእሷ ተዉላት

ከምግቡ ቀጥሎ የሚያስፈልጋት መደበቂያ ነው። ካርቶን አግኙና በአንድ ጎኑ ራሷን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ክፈቱ፣ ውስጡ ያረጀ ሹራብ ወይም ጋቢ አንጥፉ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥታችሁ አስቀምጡት። የእናንተ ጠረን ያለበት ልብስ ከታጠበው ይሻላል። ከመሬት በጡብ ከፍ ካለ ደግሞ የክረምቱ እርጥበት አይደርስባትም።

ከዚያ ተቀመጡ። ስትበላ በዚያው ግቢ፣ ወደ እሷ ሳታፈጡ፣ ስልካችሁን እየነካካችሁ ወይም ቡና እየለቀማችሁ ቁጭ በሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀረብ በሉ። ዐይን ለዐይን ስትገናኙ ቀስ ብላችሁ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ግለጡ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ድመቶች እንዲህ ለሚያደርግ ሰው መልሰው ዐይናቸውን እንደሚያጠብቡና ወደ እሱም ይበልጥ እንደሚጠጉ አሳይቷል። እጃችሁን ስትዘረጉ ከራሷ በላይ አይሁን፤ ጡጫ አድርጋችሁ በአፍንጫዋ ትክክል ዝቅ አድርጉትና ጠብቁ። አሽትታ ጉንጯን ካሻሸች ፈቅዳለች ማለት ነው። ጉንጯ ላይ ያለው ዕጢ ጠረኗን እናንተ ላይ ይተዋል፤ ድመት "ይህ የኔ ነው" የምትለው በዚህ ነው። የምትዳሰሰውም በዚያው በጉንጯና በአገጯ፣ በጆሮዋም ሥር ነው። ሆዷን ገልብጣ ብታሳያችሁ ዳሱኝ ማለቷ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚቧጨረው እዚያ ላይ ነው። ጅራቷ በፍጥነት መወዛወዝ ከጀመረ፣ ጆሮዋም ወደ ኋላ ከተኛ አቁሙ።

ልጆች ካሉ ሦስት ሕግ ስጧቸው፦ ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ስትሸሽ አትነካም። ለአራት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ አይገባውም፤ ይህን ከጠበቀ ግን ድመቷ ራሷ ትሄድበታለች።

ከቤት ሠራተኛችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቀኑን ሙሉ ከድመቷ ጋር የምትውለው፣ የምታጸዳውም እሷ ናት። እሷ የምትፈራት ወይም የማትፈልጋት ከሆነ እናንተ ሥራ ስትውሉ ድመቷ በመጥረጊያ እየተባረረች ነው የምትውለው፤ ማታ ለምን እንደምትሸሻችሁ ግራ ይገባችኋል። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራዩ ከሌላ ሰው ሳይሰማ እናንተ ንገሩት።

5. ሐኪም ጋ

እጃችሁን ከለመደች በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ለሆነ ሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው። ድመትን ሐኪም ጋ መውሰድ የውሻን ያህል ስላልተለመደ አስቀድማችሁ ደውላችሁ "ድመት ታያላችሁ? ማምከንስ ትሠራላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ማጓጓዣ ሳጥን ከሌለ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ይሠራል። ከጉዞው ጥቂት ቀን በፊት ክፍት አድርጋችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጡት፣ ምግቧንም ውስጡ ስጧት። በዕለቱ በፊቷ ሳይሆን በኋላዋ፣ ማለትም ቂጧን አስቀድማችሁ አስገቧት፤ የምትገባበትን ጨለማ ስለማታይ አትታገልም። ከላይ ነጠላ ወይም ፎጣ ጣል አድርጉበት። በእቅፍ ይዛችሁ ታክሲ ውስጥ አትግቡ፤ አንድ ጥሩምባ ይበቃታል።

ሐኪሙን የምትጠይቁት፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት (ሦስት ወር ከሞላት ጀምሮ ይሰጣል)፣ ፓንሉኮፔኒያ የሚባለውን ገዳይ የአንጀት በሽታና የድመት ጉንፋኖችን በአንድ የሚከላከለው ክትባት፣ እንደ ክብደቷ የሚለካ የትል መድኃኒት፣ የቁንጫ መድኃኒት። ቁንጫና የኮሶ ትል አብረው ይሄዳሉ፤ ድመት ራሷን ስትልስ ቁንጫ ትውጣለች፣ የአንዱ ዐይነት ኮሶ ዕጭ ያለው ቁንጫው ውስጥ ነው። በፊንጢጣዋ ዙሪያ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። አንዱን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው። ቤታችሁ በቅርቡ የድመት ልጆች በተቅማጥና በትውከት ተከታትለው ሞተውበት ከሆነ ይህንንም ተናገሩ፤ የፓንሉኮፔኒያ ቫይረስ በቤት ዕቃ ላይ ወራት፣ እስከ ዓመትም ይቆያል፣ ያልተከተበች አዲስ ድመት ማስገባት የለባችሁም።

በራሳችሁ የማትሰጧቸውን ደግሞ አጥብቃችሁ ያዙ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንድ ፍሬ ይበቃል፤ ጉበቷ ሊያጣራው አይችልም። ለውሻ ተብሎ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ ጠብታ እንዲሁ ያንቀጠቅጣትና ይገድላታል። ነጭ ጋዝ መቀባት፣ የበረሮ መርዝ መንፋት፣ የከብት መድኃኒት በግምት መውጋት ሁሉ በአንድ ምድብ ናቸው። የነካትን ሁሉ በምላሷ ታጸዳለች፤ ቆዳዋ ላይ ያደረጋችሁት ሆዷ ይገባል።

ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ይረዝማል። ከዚያ የዛኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጸበሉም፣ ባህላዊ መድኃኒቱም ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ድመቷ የምትያዝ ከሆነች 10 ቀን ዘግቶ መከታተል ለሐኪሙ ውሳኔ ይረዳል። ስለዚህ የነከሰችን ድመት ገድሎ መጣል የቂል ሥራ ነው።

6. ማምከን፣ ኮርኒሱ ሳይሞላ

ሴት ድመት ከአራት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው ከ63 እስከ 65 ቀን ገደማ ነው፤ ልጆቿን እያጠባችም እንደገና ታረግዛለች። በአውሮፓ ድመቶች የሚያምራቸው ቀኑ ሲረዝም ስለሆነ ክረምቱን ያርፋሉ። እኛ ጋ የቀንና የሌሊት ርዝመት ብዙም ስለማይለያይ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ የሚሰማው ኡኡታም ዓመቱን ሙሉ ነው።

ከዚያ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የድመት ልጆች በጆንያ ታስረው ሩቅ ገበያ ይጣላሉ። ይህን ላለማድረግ ያለው መንገድ አስቀድሞ ማምከን ነው። ወንዱም ቢኮላሽ መዞሩ፣ መደባደቡና በየበሩ መሽናቱ ይቀንሳል። "የመከነች ድመት አይጥ አትይዝም" የሚሉ አሉ፤ ትይዛለች። አይጥ የማትይዘው ከመጠን በላይ የወፈረች ናት፣ እሱ ደግሞ የምግብ ጉዳይ ነው።

ሳይደርስላት ኮርኒስ ውስጥ ወይም ቁም ሳጥን ሥር ከወለደች ዝም በሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልጆቹን ካገላበጣችሁ ወደ ሌላ ቦታ ታጓጉዛቸዋለች። ብቻቸውን ያገኛችኋቸውን ልጆችም እናታቸው ጥላቸዋለች ብላችሁ ቶሎ አታንሱ፤ ለሰዓታት አደን ልትሄድ ትችላለች። ዙሪያቸውን ዱቄት ነስንሳችሁ ብትመለሱ የእግሯን ዱካ ታያላችሁ። ሆዳቸው ሞልቶ ተቃቅፈው ከተኙ እናት አላቸው። የሚጮኹ፣ የቀዘቀዙና ሆዳቸው የተጣበቀ ከሆኑ ግን አንሷቸው። ከሁሉ በፊት አሙቋቸው፤ ለብ ያለ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገባቸው አድርጉ። የቀዘቀዘ ግልገል ወተት ቢውጥ አይፈጨውም። ሲሞቁ ለድመት ልጅ የተዘጋጀ ወተት ከሐኪም ጠይቃችሁ፣ እንደ ሰው ልጅ በጀርባ ሳታስተኙ በሆዳቸው አስተኝታችሁ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉላቸው። ዐይናቸው ከሰባት እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል። እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ በራሳቸው መሽናት አይችሉም፤ ከበሉ በኋላ ለብ ባለ እርጥብ ጥጥ ከጅራታቸው ሥር ጠረግ ጠረግ አድርጉላቸው፣ እናታቸው በምላሷ የምትሠራው ይህንኑ ነው።

7. መጸዳጃና ነፍሰ ጡር

ዝቅ ያለ ሳፋ ውስጥ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አራት ጣት ያህል ሙሉ። ከምግቧ ራቅ ያለ፣ ሰው የማይተራመስበት ቦታ ይሁን። ማስተማር ብዙ አይጠይቅም፤ መቅበር በደሟ ውስጥ ነው።

በየቀኑ አጽዱት። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሐዋሲ ከድመት ዐይነ ምድር ጋር ሲወጣ ወዲያው አይተላለፍም፤ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ካለች ማጽዳቱ የሌላ ሰው ሥራ ይሁን፤ ሌላ ከሌለ ጓንት አድርጋ፣ እጇን በሳሙና ትታጠብ። "አርግዘሽ ድመት ይዘሽ!" የሚሉ ዘመዶች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ ይኸው ተሐዋሲ በጥሬ ሥጋና በሚገባ ባልታጠበ አትክልትም ይመጣል። ድመቷን አስወጥቶ ነፍሰ ጡሯን ጥሬ ክትፎ ማጉረስ ትርጉም የለውም። ክትፎው ይብሰል፣ ሰላጣው ይታጠብ፣ ድመቷም ጥሬ ሥጋ አይሰጣት፤ ከዚያ አብረው መኖር ይችላሉ።

8. ጎረቤት፣ ጫጩትና የአይጥ መርዝ

የጎረቤት ጫጩት ከበላች ክርክር አያዋጣም፤ ካሳ ከፍሎ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ጫጩት ባለበት ሰፈር ማታና ማለዳ ቤት ውስጥ ቆልፏት፤ አድኗ የሚበረታው ያኔ ነው። የጫጩቱ ማደሪያ ሽቦው ከጠበቀ አብዛኛው ጠብ አይነሣም፤ ሽቦውን እናንተ ብትገዙ ደግሞ ጎረቤትነቱም ይጠናል።

መርዙ ይበልጥ ያሳስባል። ድመት ያለበት ቤት መርዝ አይጠመድም፤ ለጎረቤትም ይነገራል። ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ አይጡ በልቶ ወዲያው ስለማይሞት እየተንገዳገደ ሳለ ድመቷ በቀላሉ ትይዘዋለች። ምልክቱ በሷ ላይ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፦ ድዷ ይነጣል፣ ከአፍንጫዋ ወይም ከሽንቷ ጋር ደም ይወጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ቫይታሚን ኬ በጊዜ ከተጀመረ ትድናለች፤ ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል። በየመንገዱ ስም አልባ ሆኖ የሚሸጠው ዱቄት ግን ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሐኪሙም ይቸገራል። መርዙ የተገኘበት ፌስታል ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

9. ቤት ስትቀይሩ

ብዙ ድመት ዳግም ሜዳ ላይ የምትወድቀው እዚህ ላይ ነው። "ድመት ቤቱን እንጂ ሰውን አትወድም" ይባልና ትተዋት ይሄዳሉ። እውነቱ፣ ድመት የምታውቀውን ክልል ስለምትወድ አዲሱን ቦታ እስክታውቀው ድረስ ወደ አሮጌው ለመመለስ ትሞክራለች፤ መንገድ ላይ የምትጠፋውም ለዚህ ነው።

ዕቃ በሚጫንበት ቀን ጠዋት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ካልሆነም መታጠቢያ ቤት ዝጉባትና በሩ ላይ "ድመት አለች፣ አትክፈቱ" ብላችሁ ለጥፉ። ጫኚዎች ከሄዱ በኋላ በቅርጫቷ ይዛችኋት ሂዱ። አዲሱ ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ አንድ ክፍል ስጧት፤ ያንኑ ያልታጠበ ጋቢዋን፣ ያንኑ ሳፋ፣ ያንኑ ሰሐን አስቀምጡላት። ስትረጋጋ ሌሎቹን ክፍሎች ክፈቱላት። ከግቢ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አታስወጧት፤ በመስኮት ብትለምናችሁም ጨክኑ። የመጀመሪያው መውጫዋ ሳትበላ፣ ከምግብ ሰዓቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሁን፤ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ጥቂት ካቆያችኋት በኋላ ሰሐኗን አንኳኩ።